የምድረ በዳ ማዕድ፦ በደብረ ማርቆስ ስለሚገኝ አንድ የጾም ምግብ ቤት

በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ በራፉ ላይ «የጾም ምግብ አለ» ከሚል ጽሑፍ በቀር ሌላ ስም ያልተለጠፈበት ምግብ ቤት አለ። ደንበኞቹ «የጾም ቤት» ይሉታል፤ እኔም በዚሁ እጠራዋለሁ። ሁዳዴ ሲገባ በከተማው የጾም ምግብ የማያቀርብ ቤት ስለሌለ ይህ ብቻውን ስለ እርሱ ለመጻፍ አያበቃም። ልዩ የሚያደርገው ዓመቱን ሙሉ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ ዓሣም፣ የሚያሰክር መጠጥም የማያስገባ መሆኑ ነው። ከዘወረደ እስከ ሕማማት ድረስ በየሳምንቱ ሳይሆን ሥራ ሲፈቅድልኝ እየሄድሁ ተመግቤበታለሁ፤ ያየሁትን በጎም ጉድለትም እነሆ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ የዚህ ቤት አሮጌው የምግብ ዝርዝር ዘንድሮ ከተጨመረው አዲሱ ዝርዝር በብዙ ይበልጣል፤ የሚበልጥበትም ምክንያት ከእጅ ሙያ ያለፈ ነው።

ከሽሮው ልጀምር። በእኛ አገር ሽሮ ያዘዘ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ከምን እንደ ተፈጨ ነው። ጓያ ርካሽ ነው፤ ድርቅን ስለሚችል በክፉ ዘመን ብዙ ቤተሰብ አሳድሯል፤ ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የተመገበውን ሰው እግሩን እንደሚያሽመደምደው ገበሬውም ሐኪሙም ያውቃሉ። እዚህ ቤት ሽሮው ከአተርና ከሽምብራ ብቻ እንደሚዘጋጅ አስተናጋጇ ሳታመነታ ነገረችኝ። ባለቤቲቱም ከጓዳ ሆነው ሰምተው ኖሮ «ካላመኑ ይግቡና ይዩት፣ ጋሼ» አሉና ክኩን ከነእንቅቡ አሳዩኝ። ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይቀርባል፤ ዘይቱ የኑግ ነው። የኑግ ዘይት ጠረን ለለመደው ሰው የእናት ጓዳ ነው፤ በረጋው የውጭ ዘይት ለኖረ ምላስ ግን መጀመሪያ ላይ ሊከብድ ይችላል። እኔ ጎጃም ተወልጄ፣ ኑግ ባበበ ጊዜ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሲሆን እያየሁ ያደግሁ ስለሆንሁ በዚህ ጉዳይ ላይ ፍርዴ ሚዛናዊ እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልኝ።

ከሁሉ የሚበልጠው ስልጆው ነው። የባቄላ ዱቄትና የሱፍ ወተት አብረው ከበሰሉ በኋላ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለቀናት የሚቦካው ይህ ምግብ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ከብዙ ምግብ ቤቶች ጠፍቷል፤ በሚገኝበትም ቤት ብዙ ጊዜ መቦካቱን ሳይጨርስ ይቀርባልና የጥሬ ባቄላ ጣዕሙ አይለቀውም። እዚህ ግን ኮምጠጥ ብሎ፣ ሰናፍጩ አፍንጫ ድረስ ወጥቶ ዓይን እስኪያስለቅስ የደረሰ ነው። የተልባው ፍትፍት ቀዝቀዝ ብሎ ይቀርባል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሆድ ከእርሱ የተሻለ መጀመሪያ አያገኝም። ምስሩና ጎመኑ ደኅና ናቸው፤ አዚፋው ሎሚ ይበዛበታል። እንጀራው ሰርገኛ ጤፍ ነው፤ ዓይኑ የወጣ፣ ያልኮመጠጠ። በያይነቱ ሲታዘዝ ይህ ሁሉ በአንድ ትሪ ይመጣል፤ አንዱ ትሪ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ስለ ዘጠኝ ሰዓት ካነሣሁ ዘንድ የቤቱን ሥርዓት ልጥቀስ። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ምግብ አይወጣም። ሕፃን የያዘች እናት፣ ሕመምተኛና መንገደኛ ሲመጡ ግን በጓዳ በኩል ይስተናገዳሉ፤ ማንም አይጠይቃቸውም። ሌላው ሰው ቀድሞ ቢመጣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከቢሮ በምሳ ሰዓት ወጥቶ ለሚመጣ ሠራተኛ ይህ የማይመች ነው፤ አንዳንዱ ተቆጥቶ ሲመለስ አይቻለሁ። በንግድ ዓይን ሲታይ ቤቱ የቀኑን ትልቁን ገበያ በገዛ እጁ ይዘጋል ማለት ነው። እኔ ግን ከዚህ ቤት የሚወጣውን ማዕድ ከሌላው የለየው ይኸው ጥበቃ ይመስለኛል፤ በስድስት ሰዓት የተበላ ስልጆና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የተበላ ስልጆ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ አዲሱ ዝርዝር ልለፍ። ዘንድሮ በየጠረጴዛው ላይ በኮምፒውተር ተጽፎ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተቀምጧል። የጾም ክትፎ፣ የጾም ጥብስ፣ የጾም እንቁላል ፍርፍር፣ የጾም በርገር ይላል። ክትፎው ከተፈጨ ሶያ የሚሠራ ሲሆን በአትክልት ቅቤ፣ በኮረሪማና በሚጥሚጣ የታሸ ነው፤ ከጎኑ እንደ አይብ የተፈረፈረ ነጭ ነገር አለው። የእንቁላሉ ፍርፍር ደግሞ የሽምብራ ዱቄት ከእርድ ጋር ተበጥብጦ የተጠበሰ ነው። ሁለቱንም አዝዤ በልቻለሁ። እጃቸው አይታማም፤ ሚጥሚጣው ልክ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ የቀመሰ ሰው ለመጀመሪያው ጉርሻ ሊሳሳት ይችላል። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ግን ምላስ እንደ ተታለለ ያውቃል፤ ከዚያም በኋላ የሚቀረው የእውነተኛው ክትፎ ናፍቆት ብቻ ነው። ምግቡ ሳያጠግብ ምኞትን ብቻ ቀስቅሶ የሚተው ከሆነ፣ ለጾመኛ ከዚህ የከፋ አገልግሎት ምን አለ?

እዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ፤ ነገሩ ከአንድ ምግብ ቤት ስለሚሰፋ። እስራኤል ከግብፅ ከወጡ ገና በሁለተኛው ወር በሥጋው ምንቸት አጠገብ የተቀመጡበትን ዘመን እየጠሩ በሙሴ ላይ እንዳጉረመረሙ በኦሪት ዘጸአት ተጽፏል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ደግሞ ምን ምን እንደ ናፈቃቸው በዝርዝር ይገኛል፦ ዓሣ፣ ዱባ፣ በጢኽ፣ ኩራት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት። ይህን ዝርዝር በጥሞና የሚያነብ የእኛ አገር ሰው አንድ ነገር ሊያስገርመው ይገባል። ከዓሣው በቀር ሁሉም የጾም ምግብ ነው! እንግዲህ ወደ ባርነት የሚመልሰው ነገር የግድ ሥጋና ቅቤ መሆን አያስፈልገውም፤ ሰው በሽንኩርትም ወደ ግብፅ ሊመለስ ይችላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ያንን ሁሉ «ያለ ዋጋ» እንበላ ነበር ማለታቸው ነው። ጭቃ ሲያቦኩ፣ ጡብ ሲመቱ፣ ወንዶች ልጆቻቸው ወደ ወንዝ ሲጣሉ የኖሩ ሰዎች ዋጋውን ረስተው የሽንኩርቱን ሽታ አስታወሱ። በምድረ በዳ የተሰጣቸው መናም ጣዕሙ የማር ቂጣ የሚመስል ነበር እንጂ መራራ አልነበረም። ያጡት ጣዕም አልነበረም፤ አንድ ዓይነት ነገር ዕለት ዕለት መብላት ሰልችቷቸው ነበር። ነጻነት መጀመሪያ ላይ የሚያስከፍለው ይህንን ነው፦ ረኀብ ብቻ ሳይሆን መሰልቸትን መቻል።

የጾም ጉዳይም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። አባቶች ጾም ሰውን ለፈቃደ ሥጋው ከመገዛት እንደሚያወጣው ያስተምራሉ፤ ሃምሳ አምስቱ ቀን የምድረ በዳ ጉዞ ነው። በዚያ ጉዞ ላይ ያለ ሰው ምንቸቱን አስመስሎ የሚሠራለትን ቤት ካገኘ እግሩ ወጥቶ ልቡ እዚያው ይቀራል። በእርግጥ አንድ ተቃውሞ ሊነሣብኝ ይችላል፤ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሽምብራ ዱቄት አቡክተው በዓሣ ቅርጽ እየቆረጡ የሽምብራ ዓሣ ይሠሩ የለም ወይ? ይሠራሉ፤ እኔም ልጅ ሆኜ ክንፉን ቀድሜ እበላ ነበር። ነገር ግን የሽምብራ ዓሣ ቅርጹ የዓሣ ይሁን እንጂ ጣዕሙ የሽምብራ ነው፤ ልጅ ያስቃል እንጂ ማንንም አያታልልም። አዲሱ ክትፎ የሚደክመው ግን ጾመኛው እንደ ጾመ እንዲረሳ ለማድረግ ነው።

ባለቤቲቱን ስለዚህ ጉዳይ በአክብሮት ጠየቅኋቸው። አዲሱ ዝርዝር የልጃቸው ሐሳብ ነው። የቤት ኪራይ በመጨመሩ፣ ወጣቶቹም ወደ ሌላ ቤት በመሄዳቸው ምክንያት ተስማምተዋል። ከዚህ በፊት ሌላ ሥራ እንደ ነበራቸው ያወቅሁት በዚህ ጨዋታ ነው። በሌላ ሰፈር ቁርጥና መጠጥ ይሸጡ ነበር፤ ገቢው ከአሁኑ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ማታ ማታ ሰካራም ሲያባርሩ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሲደወል ብርጭቆ ሲያጥቡ የኖሩበት ዘመን ሲበቃቸው ቤቱን ዘግተው ይህንን ከፈቱ። «ዘመዶቼ አሁንም ተመለሽ ይሉኛል፤ ገንዘቡን ያስታውሱኛል። ያን ጊዜ እንቅልፍ እንዳልነበረኝ ግን የሚያስታውስልኝ የለም» አሉኝ። እኔ ከላይ ስለ ኦሪቱ የጻፍሁትን ሁሉ እርሳቸው ሊጥ እያሹ በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨርሰውታል።

የዚህ ቤት ምድረ በዳ ደግሞ በሰዎች ዘንድ የማይጠበቅ ጊዜ ላይ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው የጾም ምግብ ቤት የሚቸገረው በጾም ይመስለዋል። የሚቸገረው ከትንሣኤ በኋላ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ቤቱ ያለ ደንበኛ ይቀመጣል። በጾም ወራት የጾም ምግብ ሲሸጡ የቆዩት ሌሎች ቤቶች በፋሲካ ማግስት ጥብሱን ጥደው ይቀጥላሉ። እነዚህ ግን ምጣዱን ብቻ ይዘው እንጀራ እየጋገሩ ለየቤቱ በመሸጥ ሠራተኞቻቸውን ሳይበትኑ ያሳልፋሉ። የሰኔ ጾመ ሐዋርያት ሲገባ እንደገና ድስቱ ይጣዳል። ይህንን እያወቅሁ ክትፎውን መተቸት ቀላል እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ኪራይ የሚከፍሉት እርሳቸው ናቸው። ሆኖም አሮጌውን ኑሮ ለመተው ያን ያህል ዋጋ የከፈለ ቤት ወጥ ቤቱ ውስጥ የዚያኑ ኑሮ ምስል ሲቀርጽ ማየት ያሳዝናል።

ስለ መስተንግዶው የሚያስመሰግን ነገር አለ። ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነች፣ ከዋሸራና ከጎንጅ ጀምሮ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ ድረስ ስማቸው የታወቀ ጉባኤ ቤቶች ስላሉባት፣ የቆሎ ተማሪ ከደጃፍ አይጠፋም። የእናቱን ጓዳ ትቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ በውሻ እየተነከሰ፣ ቁራሽ እየለመነ ዓመታትን የሚቆጥር ልጅ በገዛ ፈቃዱ የተራበ ነው፤ ወደ አባቱ ቤት የሚመልሰውን መንገድ ያውቀዋል፤ አይሄድበትም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ በራፉ ላይ ቆመና «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። በብዙ ቤት የሚሰጠው ከትሪ የተረፈ ድርቆሽ ነው። እዚህ አስተናጋጇ ከመሶቡ ሙሉ እንጀራ አንሥታ፣ በላዩ ሽሮ አፍስሳ፣ አጣጥፋ በሁለት እጇ ሰጠችው። እርሱም አልተቀመጠም፤ መረቀና አኮፋዳው ውስጥ ከትቶት ሄደ። ከኔ ጎን የነበሩ ሽማግሌ «ለየኔታ ነው የሚወስደው» አሉ። እኔ ከፍዬ እየበላሁ ሳለ የጨው ማነስ ሊያስቆጣኝ ደርሶ ነበር፤ ዝም አልሁ።

የቤቱ ምርጥ ምግብ ግን በየትኛውም ዝርዝር ላይ አይገኝም። በጸሎተ ሐሙስ የሚቀርበው ጉልባን ነው። የተከካ ባቄላና ስንዴ አብሮ የሚቀቀልበት ይህ ንፍሮ፣ ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት፣ እስራኤል ከግብፅ በችኮላ ሲወጡ አቡክተው ለመጋገር ጊዜ አጥተው ንፍሮ ቀቅለው፣ ያልቦካ ቂጣ ይዘው መጓዛቸውን ያስታውሳል። ጨው የሚበዛበት ሆን ተብሎ ነው፤ የሚያመጣው ጥም የጌታን የመስቀል ላይ ጥም እንዲያሳስብ ነው። በዚህ ቤት ጉልባኑ ከሌሊት ጀምሮ በትልቅ ጎላ ይቀቀላል። ከቤተ ክርስቲያን ሕፅበተ እግሩና ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ባለቤቲቱ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው፣ ጭልፋውን ይዘው ለመጣው ሁሉ ያለ ክፍያ በሳህን ይሰጣሉ። ባቄላው ሳይፈርስ የለሰለሰ፣ ስንዴው በጥርስ ሲያዝ ፈንዳ የሚል ነው። ጨዉ በእርግጥ ይጠብሳል፤ ውኃ የጠየቀውን ሰው ግን ፈገግ ብለው «ትንሽ ይቆይ» ይሉታል። የአዲሱን ዝርዝር ክትፎ ከሚያዘጋጁት እጆች ይህ መውጣቱ ደግሞ ቤቱ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳያል።

ጉድለቶቹን ሳልጠቅስ ባልፍ ለአንባቢ ታማኝ አልሆንም። የእጅ መታጠቢያው አንድ ብቻ ሲሆን ውኃ በሚጠፋበት ቀን በጆግ ነው የሚታጠበው። ወንበሮቹ ዝቅተኛ ስለሆኑ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አይመቹም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም አንድ ጊዜ ስለሚያዝዝ ምግቡ ይዘገያል፤ ቅዳሜና እሑድ ይሻላል። ጢሱ ከማድ ቤት ወደ አዳራሹ ይገባል፤ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ወደ በር ጠጋ ብሎ ይቀመጥ። ዋጋው የአሮጌው ዝርዝር ከከተማው መካከለኛ ምግብ ቤቶች ዝቅ ይላል፤ የአዲሱ ግን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ይህም ሌላው የማልመክርበት ምክንያት ነው።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ስልጆውን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ያልደረሰ ከሆነ ራሳቸው «ነገ ይምጡ» ይላሉ እንጂ አያቀርቡትም። ከስልጆው ጋር ተልባ ፍትፍት ይዘዝ፤ ሽሮውን ለመጨረሻ ያቆየው። ክፍያ በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይቀበላሉ። በስቅለት ዓርብ ሠራተኞቹ ሁሉ ለስግደት ስለሚሄዱ ቤቱ ዝግ ነው፤ በበዓለ ሃምሳ ደግሞ ከእንጀራ በቀር የሚሸጥ ነገር አይገኝም፤ እንጀራ የሚፈልግ ግን በዋዜማው ማዘዝ አለበት።